ትርጉምና ሎካላይዜሽን በጋምቤላ

ትርጉምና ሎካላይዜሽን በጋምቤላ ሲባል የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የረድኤት ድርጅቶች፣ ባንኮችና የቴሌኮም ኩባንያዎች በጋምቤላ ሕዝቦች ክልል በሚነገሩ ቋንቋዎች፣ በተለይም በኑዌርኛ፣ በአኙዋክኛና በማጃንግኛ፣ ማስታወቂያቸውን፣ ቅጾቻቸውን፣ የስልክ መልእክታቸውንና ሶፍትዌራቸውን የሚያዘጋጁበት አሠራር ነው። ትርጉም በአንድ ቋንቋ የተባለውን በሌላ ቋንቋ ማስተላለፍ ነው። ሎካላይዜሽን ደግሞ ከዚያ አልፎ የቀንና የሰዓት አቆጣጠርን፣ የስም አጻጻፍን፣ ፊደልን፣ የቦታ ስሞችን፣ ሥዕልንና ድምፅን ለተጠቃሚው ኑሮ ማስማማትን ያጠቃልላል።

የጋምቤላ ሁኔታ ከሌሎች የኢትዮጵያ ክፍሎች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ኑዌርኛ በዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ የገባው ግን በዋናነት በደቡብ ሱዳን በኩል ነው። አኙዋክኛና ማጃንግኛ በአንጻሩ በአብዛኞቹ ዝርዝሮች ውስጥ የሉም። ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ድርጅት ቢሮ፣ ለአንዱ ቋንቋ ዝግጁ የሆነ መሣሪያ ሲኖር ለጎረቤቱ ቋንቋ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው መሠራት አለበት።

ቋንቋዎቹና ከተማው

ጋምቤላ ከተማ የባሮን ወንዝ ተከትላ የተመሠረተች ናት። ወንዙን አኙዋኮች ኦፔኖ ይሉታል። ኒውላንድ ከከተማዋ ሰፈሮች አንዱ ሲሆን ከነዋሪዎቹ የሚበዙት የኑዌር ተወላጆች ናቸው። የሰፈሩ ስም ከእንግሊዝኛ እንዳለ የተወሰደ ነው። በአማርኛ ሲጻፍም "አዲስ መሬት" ተብሎ አልተተረጎመም፤ ድምፁ ብቻ በፊደል ተቀመጠ። ተርጓሚዎች በየቀኑ ከሚገጥሟቸው ውሳኔዎች አንዱ ይኸው ነው፤ የትኛው ቃል ይተረጎማል፣ የትኛውስ በድምፁ ይቀመጣል?

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 307,096 ነበር። ከዚህ ውስጥ ኑዌር 46.66 በመቶ፣ አኙዋክ 21.16 በመቶ፣ አማራ 8.42 በመቶ፣ ካፊቾ 5.04 በመቶ፣ ኦሮሞ 4.83 በመቶ፣ ማጃንግ ደግሞ 4 በመቶ ያህል ነበሩ። ኦፖና ኮሞም ከክልሉ ነባር ብሔረሰቦች ይቆጠራሉ። ኑዌርኛና አኙዋክኛ ሁለቱም የምዕራብ ናይሎቲክ ቋንቋዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱን የሚያውቅ ሌላውን አይሰማም። ኑዌርኛ ለዲንካ ይቀርባል፣ አኙዋክኛ ደግሞ ከሽሉክና ከሉኦ ጋር ይመደባል። ማጃንግኛ የሱርሚክ ቤተሰብ ነው።

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በመሆኑም አንድ ደብዳቤ ወይም መመሪያ በአማርኛ ይረቀቃል፣ በአማርኛ ይፈረማል፤ ወደ ሕዝቡ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ በስብሰባ ላይ ቋንቋውን በሚችል ሰው በቃል ይነገራል። የተነገረው ትርጉም በወረቀት ስለማይቀር በሚቀጥለው ስብሰባ ሌላ ሰው በሌላ ቃል ይተረጉመዋል።

ከዚህ በተጨማሪ ክልሉ ከ300,000 በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን የሚያስተናግድ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ የኩሌና የቲርኪዲ ጣቢያዎች በ2014፣ የጀዊ ጣቢያ በ2015፣ የንጉኝኤል ጣቢያ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ተከፍተዋል። ከስደተኞቹ የሚበዙት ኑዌርኛ ተናጋሪዎች ሲሆኑ አኙዋክኛ፣ ዲንካ፣ ሽሉክና ሙርሌ የሚናገሩም አሉ። ለአንድ የረድኤት ድርጅት "የአካባቢው ቋንቋ" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም የማይነግረው በዚህ ምክንያት ነው።

የአጻጻፍ ሥርዓቱ ታሪክ

እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902 በዳግማዊ ምኒልክና በብሪታንያ መካከል የተፈረመው የድንበር ውል ብሪታንያ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንድትይዝ ፈቅዶ ነበር። ጋምቤላ የንግድ በር የሆነችው በዚሁ ነው፤ ጣቢያውም ሱዳን ነጻ እስከወጣችበት እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆይቷል። ውሉ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ተጻፈ። ከዚያ 13 ዓመት ቀድሞ የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ነገር በመናገሩ ያስከተለው ጦርነት ገና አልተረሳም ነበርና የሁለቱ ጽሑፎች መስማማት ለቤተ መንግሥቱ ትልቅ ጉዳይ ነበር። በወንዙ ዳር የሚኖሩት ሰዎች የሚናገሯቸው ቋንቋዎች ግን በወረቀቱ ላይ አልነበሩም።

ኑዌርኛ ዛሬ በኢትዮጵያ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል መነሻው ሱዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 በደቡብ ሱዳን ሬጃፍ በተባለ ቦታ የተካሄደ የቋንቋ ጉባኤ ኑዌርኛን፣ ዲንካን፣ ሽሉክን፣ ባሪንና ሌሎችን ለትምህርት የሚሆኑ ቋንቋዎች ብሎ መረጠ፤ የአጻጻፍ መመሪያም አወጣ። በናሲር በነበረው የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ታገለግል የነበረችው ሬይ ሃፍማን በ1929 እ.ኤ.አ. የኑዌርኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳተመች። ለአኙዋክኛ ተመሳሳይ ሥራ የተጀመረው በአኮቦ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሚሲዮናዊው ዶን መክሉር ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ በጋምቤላ አቅራቢያ በፖክዎ ጣቢያ ከመሠረተ በኋላ በዚህም ወገን ቀጠለ።

በኢትዮጵያ በኩል የነበረው ታሪክ ሌላ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በጊዜ ሂደት 15 ቋንቋዎችን በግዕዝ ፊደል ተጠቅሟል። ከ15ቱ መካከል የጋምቤላ ቋንቋ አልነበረም። ለውጥ የመጣው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲያደርግና የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ለሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት እውቅና ሲሰጥ ነው። ኑዌርኛ፣ አኙዋክኛና ማጃንግኛ ወደ ታችኛዎቹ ክፍሎች የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ "ይህ ቃል እንዴት ይጻፋል?" የሚል ጥያቄ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ወጥቶ የትምህርት ቢሮ ጥያቄ ሆነ።

ቢሆንም አገር አቀፍ ዝርዝሮች አሁንም በተናጋሪ ብዛት ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት የተዘጋጁት በሰባት ቋንቋዎች ነበር፤ እነርሱም አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ሀዲይኛ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ለፌዴራል መንግሥት ተጨማሪ የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ የተመረጡት ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ ናቸው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ ቀረበ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም የደንበኞች አገልግሎቱን በእነዚሁ አምስት ቋንቋዎች ጀመረ። ለኩባንያ ይህ ምርጫ በሒሳብ ሲታይ የሚያስገርም አይደለም። በኒውላንድ ለሚኖርና አማርኛ ለማያነብ ሰው ግን ውጤቱ ያው ነው፤ የስልኩን ምናሌ የሚያነብለት ሌላ ሰው ይፈልጋል። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የምስጢር ቁጥሩንም ያውቃል።

ፊደል፣ ፎንትና የመልእክት ዋጋ

የግዕዝ ፊደል ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቀበት መንገድ ለጋምቤላ ቋንቋዎች ትምህርት የሚሆን ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተለያዩ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በራሳቸው ቁጥር ይወክሉት ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ በ1999 እ.ኤ.አ. ለግዕዝ ፊደል አንድ የጋራ ቦታ ሰጠ። ማይክሮሶፍት ደግሞ በዊንዶውስ ቪስታ፣ በ2007 እ.ኤ.አ.፣ ኒያላ የተባለውን ፎንት ከሥርዓቱ ጋር አቀረበ። ከዚያ በኋላ ነው የአማርኛ ጽሑፍ ከማሽን ወደ ማሽን ሳይበላሽ መጓዝ የቻለው።

ኑዌርኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ችግሩ ቀላል ይመስላል። ይህ ግን ግማሽ እውነት ነው። ቋንቋው ከተለመዱት የላቲን ፊደላት ውጭ ክፍት "ኤ"ን፣ ክፍት "ኦ"ን፣ በአፍንጫ የሚነገረውን "ንግ"ንና የጉሮሮውን "ግ" የሚወክሉ ተጨማሪ ፊደላት አሉት። እስትንፋስ የተቀላቀለባቸው አናባቢዎች ከሥራቸው ሰረዝ ይደረግባቸዋል፤ ሌሎች ከላያቸው ሁለት ነጥብ ይደረግባቸዋል። ከሥራቸው ሰረዝ ላለባቸው አናባቢዎች ዩኒኮድ የተዘጋጀ አንድ ፊደል የለውም። አናባቢው ይጻፍና ተጣማሪ ሰረዝ ይከተለዋል፤ ፎንቱ ሁለቱን አንድ ላይ አስተካክሎ ማሳየት አለበት። እንደ ቻሪስና አንዲካ ያሉ የኤስአይኤል ፎንቶች ይህን ያደርጋሉ፤ ብዙ ርካሽ ስልኮች ላይ ግን ሰረዙ ከቦታው ይንሸራተታል ወይም በባዶ ሳጥን ይተካል።

ከዚህ የባሰው ለዓይን የማይታየው ችግር ነው። ተመሳሳይ የሚመስል ሰረዝ በዩኒኮድ ውስጥ ከአንድ በላይ ቁጥር አለው። አንዱ ጸሐፊ አጭሩን ሰረዝ፣ ሌላው የማስመሪያውን ሰረዝ ቢጠቀም ሁለቱ ቃላት ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ። ፍለጋ አያገኛቸውም፣ የትርጉም ማህደርም አያዛምዳቸውም። የአማርኛ አንባቢ ይህን በራሱ ቋንቋ ያውቀዋል፤ "ሠራ" እና "ሰራ"፣ "ፀሐይ" እና "ጸሀይ" በድምፅ አንድ ሆነው ለማሽን ሁለት ናቸው።

የስልክ አጭር መልእክት ላይ ጉዳዩ የገንዘብ ይሆናል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መልእክት እስከ 160 ፊደል ይይዛል። ከመደበኛው የፊደል ሠንጠረዥ ውጭ የሆነ አንድ ፊደል ብቻ ሲገባበት መልእክቱ በሙሉ ወደ ሌላ አወካከል ይለወጥና መጠኑ ወደ 70 ይወርዳል። አማርኛ ሁልጊዜ በ70 ነው የሚሄደው። ኑዌርኛም አንድ ክፍት "ኤ" ስትኖርበት ወደ 70 ይወርዳል፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ተጣማሪ ሰረዝ እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራል። በኮከብና በመሰላል የሚከፈቱት የስልክ ምናሌዎችም እንዲሁ ከ182 ወደ 80 ፊደል ያንሳሉ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ አንድ የነበረ የክትባት ማስታወቂያ በኑዌርኛ ሦስት መልእክት ሊሆን ይችላል፤ ላኪውም የሦስት ይከፍላል።

ወጪውን ለመቀነስ ሰረዙንና ነጥቡን ትቶ በተራ የላቲን ፊደል መጻፍ ቀላሉ መንገድ ነው። ወጣቶች እርስ በርስ ሲጻጻፉ እንዲህ ማድረጋቸው ችግር የለውም፤ የሚጻጻፉት በሚያውቁት ጉዳይ ላይ ነው። በኑዌርኛ ግን የአናባቢው ዓይነትና ርዝመት ቃልን ከቃል፣ ነጠላን ከብዙ የሚለይበት ጊዜ ስላለ ስለ መድኃኒት መጠን የሚናገር ጽሑፍ ላይ ምልክቱን መተው አደጋ አለው። ደንቡ ከጽሑፍ ጽሑፍ ቢለያይ የተሻለ ነው፤ ሰላምታው በአጭሩ፣ መጠኑና ማስጠንቀቂያው በሙሉ አጻጻፍ።

የድርጅት አሠራር እንዴት ይለወጣል

የቆየው አሠራር በየትም አገር ይመሳሰላል። ኃላፊው ጽሑፉን በኢሜይል ለሚያውቀው ሰው ይልካል፣ ሰውየው ተርጉሞ ይመልሳል፣ ጽሑፉ ይታተማል። ከስድስት ወር በኋላ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲለወጥ የመጀመሪያው ፋይል ስለማይገኝ ሁሉም እንደገና ይተረጎማል። ተርጓሚው ሥራ ከለቀቀ የመረጣቸው ስያሜዎች አብረውት ይሄዳሉ።

ዘመናዊው አሠራር ሦስት ነገሮችን በድርጅቱ እጅ ያስቀራል። አንደኛው የትርጉም ማህደር ነው፤ ከዚህ በፊት የተተረጎመ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከምንጩ ጋር ተጣምሮ የሚቀመጥበት ቋት ሲሆን፣ ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ለተርጓሚው ያቀርብለታል። ሁለተኛው የስያሜ መዝገብ ነው። ሦስተኛው ጽሑፉን ከሶፍትዌሩ ኮድ ለይቶ የሚያወጣና መልሶ የሚያስገባ የፋይል ዓይነት ነው፤ ለዚህ በሰፊው የሚሠራበት ኤክስሊፍ የተባለው ሲሆን 1.2 እትሙ በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋዊ መስፈርት ሆኗል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው አይኤስኦ 17100 ደግሞ እያንዳንዱ ትርጉም ከተርጓሚው በተለየ በሁለተኛ ሰው ከምንጩ ጋር ተመሳክሮ እንዲታረም ይጠይቃል።

በጋምቤላ ከሦስቱ ከባዱ የስያሜ መዝገቡ ነው። ኑዌርኛ ድንበር ተሻጋሪ ቋንቋ ስለሆነ የአስተዳደርና የቢሮ ቃላቱ በሁለት መንገድ አድገዋል። በኢትዮጵያ ያለው ተናጋሪ ወረዳን፣ ቀበሌንና መታወቂያን ከአማርኛ ወስዷል። ከደቡብ ሱዳን የመጣው ደግሞ ፓያምና ቦማ የተባሉትን የአገሩን የአስተዳደር እርከኖች ያውቃል፤ ሌሎች የቢሮ ቃላቱንም ከዓረብኛና ከእንግሊዝኛ ወስዷል። "ወደ ቀበሌዎ ይሂዱ" የሚል መልእክት በኒውላንድ ግልጽ ነው፤ በንጉኝኤል ጣቢያ ላለ አዲስ መጤ ግን ቀበሌ የሚባል ነገር የለውም። የስያሜ መዝገቡ አንድ የኑዌርኛ ዓምድ ብቻ ካለው ከሁለቱ አንዱን ተጠቃሚ ያጣል። ስለዚህ የመዝገቡ መጀመሪያ ጥያቄ "በኑዌርኛ ምን ይባላል?" መሆኑ ቀርቶ "ለየትኛው አንባቢ?" ይሆናል።

የአራሚ ጉዳይም እንደ መስፈርቱ ቀላል አይደለም። ለአማርኛ ሁለተኛ አራሚ ማግኘት አያስቸግርም። ለማጃንግኛ ወይም ለኦፖ ቋንቋውን በደንብ የሚጽፍና የጤና ወይም የባንክ ጽሑፍ የሚያነብ ሁለት ሰው ማግኘት በራሱ ሥራ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ዘዴ የመልስ ትርጉም ነው፤ ምንጩን ያላየ ሰው የተተረጎመውን ወደ አማርኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰውና ልዩነቱ ይታያል። ከዚህ የሚበልጠው ፈተና ግን ጽሑፉን ለታለመለት ሰው አንብቦ "ምን አድርጉ ነው የሚለው?" ብሎ መጠየቅ ነው። ሰውየው በራሱ ቃል የሚመልሰው መልስ አራሚው ያላየውን ያወጣል።

ምንጩ ራሱ ብዙ ጊዜ የችግሩ መነሻ ነው። የቢሮ አማርኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይወዳል፤ አድራጊው በመጨረሻው ግሥ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። "አስፈላጊው ክትትል እንዲደረግ" ሲባል ክትትሉን የሚያደርገው ማን እንደሆነ ተርጓሚው ካላወቀ በግምት ይሞላዋል። ለትርጉም የሚሄድ ጽሑፍ አስቀድሞ በአማርኛው ቢስተካከል በአራት ቋንቋ አራት ጊዜ ከማረም ያድናል።

ቀን፣ ሰዓትና ስም

በኢትዮጵያ ዓመቱ 13 ወራት አሉት፤ ሰዓቱም ከንጋት ይቆጠራል። በደቡብ ሱዳን ግን የግሪጎርያን ዘመን አቆጣጠርና ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር ሰዓት ይሠራበታል። በአንድ የጤና ካርድ ላይ "1/2" ተብሎ የተጻፈ ቀጠሮ ለአንዱ ጥቅምት 1 ነው፣ ለሌላው የካቲት ውስጥ ያለ ቀን። "2 ሰዓት" የሚለውም ለአንዱ ጠዋት ለሌላው ከቀትር በኋላ ይሆናል። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለመለሰች በድንበሩ ሁለት ወገን ያሉ ስልኮችም አንድ ዓይነት ሰዓት አያሳዩም። በደንብ የተሠራ ሎካላይዜሽን ቀኑን በቁጥር ብቻ አይተውም፤ የወሩን ስም ይጽፋል፣ "ጠዋት" ወይም "ከሰዓት" ይላል።

ስም ላይ ደግሞ ችግሩ የድምፅ ግልባጭ ነው። በኑዌር ብዙ የወንድ ስሞች "ጋት"፣ ብዙ የሴት ስሞች "ኛ" በሚል ይጀምራሉ፤ የመጀመሪያው የወንድ ልጅ፣ ሁለተኛው የሴት ልጅ ማለት ነው። አንድ ስም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ተጽፎ በአማርኛ "ጋትሉዋክ"፣ "ጋትልዋክ" ወይም "ጋትሏክ" ሊሆን ይችላል። በአኙዋክ ስሞችም መነሻው "ኦ" እና "ኡ" ይቀያየራል፤ ኦጁሉና ኡጁሉ አንድ ስም ነው። የቦታ ስሞችም እንዲሁ ናቸው። በእንግሊዝኛ ሰነድ ከአንድ በላይ አጻጻፍ ያለው የፑኝዶ ጣቢያ በአማርኛ ፑኝዶ፣ ፉኝዶና ፒኝዶ ተብሎ ይጻፋል፤ ለአኙዋክኛው አነጋገር የሚቀርበው የመጨረሻው ነው። በስም ዝርዝር ራሽን ወይም ገንዘብ በሚታደልበት ቦታ አንድ ፊደል ሰውን ከዝርዝር ያስወጣል። ስለዚህ አንዱን አጻጻፍ "ትክክለኛ" አድርጎ ሌላውን ከመሰረዝ ይልቅ ሁሉንም አጻጻፎች ከአንድ መለያ ቁጥር ጋር ማያያዝ የሚመረጠው አሠራር ነው።

የማሽን ትርጉም

ጉግል ትራንስሌት አማርኛን ያካተተው በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ነው። ኦሮምኛና ትግርኛ በግንቦት 2022 ተጨመሩ። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. በአንድ ጊዜ 110 ቋንቋዎች ሲታከሉ ኑዌርኛ ከዲንካ፣ ከሉኦና ከአፋርኛ ጋር ገባ። ከዚያ ቀድሞ ሜታ በሐምሌ 2022 ይፋ ያደረገውና 200 ቋንቋዎችን የሚተረጉመው ሞዴል ኑዌርኛን አካትቶ ነበር። የፕሮጀክቱ ስም "አንድም ቋንቋ ወደ ኋላ አይቀርም" የሚል ትርጉም አለው፤ አኙዋክኛና ማጃንግኛ ግን ከ200ዎቹ ውስጥ አልነበሩም።

ኑዌርኛ ለምን ቀደመ? መልሱ በከፊል በ2020 እ.ኤ.አ. የኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ በተሠራ ቲኮ-19 በተባለ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። የተርጓሚዎች የበጎ አድራጎት ድርጅት የሆነው ትራንስሌተርስ ዊዝአውት ቦርደርስ ከዩኒቨርሲቲዎችና ከትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ጋር ሆኖ 3,071 ዓረፍተ ነገሮችን ከ30 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች አስተረጎመ። ከእነዚህ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ ነበሩ፤ ኑዌርኛና ዲንካም ነበሩ። የእርዳታ ሥራ በሚበዛበት ቦታ የሚነገር ቋንቋ ተርጓሚ ያገኛል፣ ተርጓሚ ያለበት ቋንቋ ፋይል ያፈራል፣ ፋይል ያለው ቋንቋ ለማሽን ይሆናል። የሶፍትዌር አምራቾች በጋራ የሚጠቀሙበት የቋንቋና የአገር መረጃ ቋትም ኑዌርኛን የመዘገበው ከደቡብ ሱዳን ጋር አያይዞ ነው። የጋምቤላ ተጠቃሚ ስልኩን ወደ ኑዌርኛ ሲቀይር ቋንቋው ሲስማማለት የአገሩ መለያ የጎረቤቱ ይሆናል።

እነዚህ መሣሪያዎች ለረቂቅ ይጠቅማሉ፤ ያለ አራሚ ለሕዝብ የሚወጣ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ግን አይበቁም። የሜታ ሞዴል ከተፈተነባቸው ዓረፍተ ነገሮች የተወሰዱት ከእንግሊዝኛ ዊኪሚዲያ ገጾች ነው፤ ስለ ዜና፣ ስለ ሳይንስና ስለ ጉዞ የሚናገሩ ናቸው። ስለ ብድር ዋስትና ወይም ስለ ራሽን ካርድ የሚነገርበት የጋምቤላ ኑዌርኛ በዚያ ውስጥ ብዙ ቦታ የለውም። ለአኙዋክኛ ደግሞ ዝግጁ ማሽን ስለሌለ አንዳንዴ "ከሉኦ ጋር ይቀራረባል" በሚል የሉኦን ትርጉም ለመጠቀም ይታሰባል። ሁለቱ ዘመድ ናቸው፤ የአንዱ ጽሑፍ ግን ለሌላው አንባቢ አይሆንም። ለአኙዋክኛና ለማጃንግኛ ድርጅቶች የሚያከማቹት የራሳቸው የትርጉም ማህደር ወደፊት ለማሽን የሚሆን ዋናው መነሻ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ፋይሎቹ በወጥ አጻጻፍ ከተያዙና ድርጅቶቹ ለሌላ ለማካፈል ከፈቀዱ ነው።

በሕግ ፊት

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው ይደነግጋል። አንቀጽ 20 ደግሞ የፍርድ ሂደቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የፌዴራል ሕጎች በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣሉ፤ ሲለያዩ የአማርኛው ይጸናል። በቃል የሚሰጥ የፍርድ ቤት ትርጉም ግን እንዲህ ያለ ማመሳከሪያ የለውም። አስተርጓሚው "ዋስ"ን፣ "ይግባኝ"ን ወይም "ቸልተኝነት"ን በየችሎቱ በራሱ አገላለጽ ከተረጎመ ሁለት ተከሳሾች ስለ አንድ ሕግ የተለያየ ነገር ይሰማሉ። የስያሜ መዝገብ ከኩባንያ ይልቅ ለፍርድ ቤት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

በስደተኛ ጣቢያ ቃለ መጠይቅ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። አስተርጓሚው የሚመጣው ከዚያው ማኅበረሰብ ነው፤ ተጠያቂው የሚናገረው ደግሞ ከዚያው ማኅበረሰብ ሊደበቅ የሚፈልገውን ሊሆን ይችላል። ምስጢር የመጠበቅ ቃል ማስፈረም ያግዛል። የዘመድ ግንኙነቱ በሚታወቅበት ቦታ ግን ተጠያቂው አስተርጓሚውን አልፈልግም የማለት ዕድል እንዲኖረው ማድረግ ከፊርማው በላይ ዋጋ አለው።

ድምፅ

ለማያነብ ሰው የተተረጎመ ወረቀት ወረቀት ነው። በክልሉ በኑዌርኛ፣ በአኙዋክኛና በማጃንግኛ የሚተላለፍ የሬዲዮ ዝግጅት ከማንኛውም በራሪ ጽሑፍ የሰፋ አድማጭ ሊያገኝ ይችላል፤ በስልክ የሚደመጡ የተቀዱ መልእክቶችም ከአጭር መልእክት የፊደል ገደብ ነጻ ናቸው። የአንባቢው ድምፅ ግን የራሱ ምርጫ አለው። የምሥራቅ ጂካኝ ኑዌር አነጋገር ለጋምቤላ ነዋሪ ቅርብ ነው፤ ስለ ወሊድ የሚናገር መልእክት ደግሞ በሴት ድምፅ ይሻላል።

ቅጂን ለማደስ አስቸጋሪ የሚያደርገው የዋጋና የቀን ለውጥ ነው። በእንግሊዝኛ አገልግሎቶች ዓረፍተ ነገሩ አንድ ጊዜ ተቀድቶ ቁጥሩ ለብቻው ይሰካበታል። በኑዌርኛ ስሙ ከነጠላ ወደ ብዙ ሲሄድ ብዙ ጊዜ አናባቢው ከውስጥ ስለሚለወጥ "አንድ ኪኒን" እና "ሁለት ኪኒን" ዓይነት ሐረጎች በተሰካ ቁጥር ብቻ አይለያዩም፤ እያንዳንዱ ሐረግ ሙሉውን ተነብቦ ይቀዳል። ለዚህ ሲባል የቀረጻው ዝርዝር የሚዘጋጀው ከእንግሊዝኛው ምናሌ ሳይሆን ከኑዌርኛው ዓረፍተ ነገር ተነሥቶ ነው፤ ቁጥሮቹም አንባቢዋ ስቱዲዮ ከመግባቷ በፊት አንድ በአንድ ከነስሞቻቸው ይጻፋሉ።